የቤት ሕግ ሲረቀቅ የነዋሪው ወንበር

የመኖሪያ ቤት ጥያቄ የድንጋይና የሲሚንቶ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ የከተማችን ሠርቶ አደር ከኑሮው ተምሮታል። መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ቦታው ለማን እንደሚሰጥ፣ በምን ዋጋና በምን ግዴታ እንደሚሰጥ፣ የሚሠራው ቤት ለማን እንደሚሸጥ ወይም እንደሚከራይ የሚወስን ሕግ አለ። ሕጉን የሚያወጣው የታወቀ ምክር ቤት ነው፤ የሚወጣውም በታወቀ ሥነ ሥርዓት ነው። ስለ ቤት እየተናገርን ስለ ሕግ አወጣጥ ዝም ካልን የነገሩን ግማሽ ትተናል ማለት ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቤት ጉዳይ ላይ በተከታታይ ሕግ አውጥቷል። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጸደቀ። በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትንና ግመታን የሚመለከተው አዋጅ ተከተለ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይም የውጭ አገር ዜጎች በአገራችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ወይም ባለይዞታ ሊሆኑ የሚችሉበት ሕግ ወጣ። ሦስቱ ሕጎች በየፊናቸው አንድ አንድ ባለጉዳይ አላቸው። የመጀመሪያው የግል ቤት ተከራዩን፣ ሁለተኛው አልሚውን፣ ሦስተኛው የውጭ ምንዛሪ የያዘውን ያስባል። በቀበሌ ቤት የሚኖረው፣ ኮንዶሚኒየም ይደርሰኛል ብሎ ከደመወዙ እየቀነሰ የቆጠበው፣ በማኅበር ተደራጅቶ ራሱ ለመሥራት የሚጠባበቀው ነዋሪ ግን በእነዚህ ሕጎች ውስጥ ራሱን ፈልጎ አያገኝም፤ ቢያገኝም በዳር ቆሞ ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እንደሚታወቀው አንድ ረቂቅ አዋጅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ወጥቶ ለተወካዮች ምክር ቤት ከቀረበ በኋላ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ቋሚ ኮሚቴው ባለድርሻ የሚባሉትን ጠርቶ ያወያያል፤ አስተያየታቸውን መዝግቦ አንቀጾችን ያሻሽላል፤ ከዚያም የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። አንቀጽ የሚለወጠው ባብዛኛው በዚህ የመካከል ጊዜ ነው። ወደ ጠቅላላው ጉባኤ ከደረሰ በኋላ የቀረው እጅ ማውጣት ነው ቢባል እምብዛም ማጋነን አይሆንም። በመሆኑም በዚያ የመካከል ጊዜ በአዳራሹ የተገኘ ድምፁ በአንቀጽ ይገባል፤ ያልተገኘ ሕጉን በነጋሪት ጋዜጣ ያነባል።

የቤት አልሚ ኩባንያዎች ይህን በሚገባ ተረድተዋል። የሪል ስቴቱ ሕግ ገና በረቂቅ ላይ ሳለ ጥያቄያቸውን በየመድረኩ ሲያሰሙ ቆይተዋል። ጥያቄዎቹም የታወቁ ናቸው፦ የመሬት አቅርቦት ይስተካከል፣ የግንባታ ፈቃድ አይጓተት፣ የባንክ ብድር ይከፈትልን፣ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋና ምንዛሪው መላ ይፈለግለት የሚሉ ናቸው። በሌላውም ዓለም ነገሩ ያው ነው። በአሜሪካ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቋቋመ ብሔራዊ የቤት ገንቢዎች ማኅበር አለ፤ በየክፍለ ግዛቱ ቅርንጫፍ ማኅበራት አሉት። የክፍለ ግዛቶቹ ምክር ቤቶች ሲሰበሰቡ የማኅበሩ ሰዎች ቀን ቆርጠው ወደ ሕግ አውጪዎች ቢሮ ይሄዳሉ፤ ይህኛው ረቂቅ ይለፍ፣ ያኛው ይቅር እያሉ ይከራከራሉ፤ ስንት ቤት ሊሠራ እንደሚችል፣ እያንዳንዱ አዲስ ግዴታ የቤቱን ዋጋ በምን ያህል እንደሚያንረው በወረቀት አስልተው ያቀርባሉ።

ገንቢው ወደ ሕግ አውጪው መሄዱን እኛ አንነቅፍም። የተደራጀ ክፍል ጥቅሙን ማስረዳቱ ተፈጥሯዊ ነው። መመርመር ያለበት ጥቅሙ ከነዋሪው ጥቅም ጋር የት ላይ እንደሚገናኝና የት ላይ እንደሚለያይ ነው። ፈቃድ ሳይጓተት ቢሰጥ፣ ሲሚንቶና ብረት ቢረክስ፣ መሬት ያለ ጉቦ ቢገኝ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ግን አልሚው ቦታውን የሚፈልገው ለመሸጥ ነው፤ የሚሸጠውም የበለጠ ለሚከፍለው ነው። ነዋሪው ቦታውን የሚፈልገው ለመኖር ነው፤ መኖር ማለትም ከሥራው፣ ከልጁ ትምህርት ቤት፣ ከእድሩ ሳይርቅ መኖር ማለት ነው። የመሬቱ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር የመጀመሪያው ይደሰታል፤ ሁለተኛው ይሰጋል። ይህ ቅራኔ በመልካም ፈቃድ ንግግር አይፈታም። ሚዛኑን የሚያስቀምጠው ሕግ ነው፤ ሕጉን ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲያስረዳ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

የራሳችን ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ አለው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሡ ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ቤት የሌለው ስለ ቤት፣ መሬት የሌለው ስለ መሬት ሕግ አያወጣም ማለት ነው። ውጤቱም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታየ። የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት በመጠኑ ለማስተካከል የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግ በባለርስቶቹ ተቃውሞ ተንከባልሎ ሳይጸድቅ ቀረ። ረቂቁ ሥር ነቀል አልነበረም፤ ጭሰኝነትን ከነጭራሹ የሚያስቀር እንኳ አልነበረም። ያንኑም ለማሳለፍ ፈቃደኛ ያልሆነው ምክር ቤት ብዙ ሳይቆይ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ፈረሰ። በጊዜው ቢጸድቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወዋለን።

ካዛንችስን እንመልከት። ስሙ ራሱ የቤት ሕግ ቅሪት ነው። በወረራው ዘመን የኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞቹን የሚያሰፍርበት የቤት ተቋም ነበረው፤ የተቋሙ ስም በምኅጻር ኢንቺስ ይባላል። «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች የተባለው ሰፈር በአዲስ አበቤው አፍ ካዛንችስ ሆኖ ቀረ። የቅኝ ገዢው መንግሥት ባወጣው ዕቅድ ለራሱ ሠራተኛ የተሠራው ሰፈር ከድል በኋላ ዙሪያውን በጭቃና በቆርቆሮ ቤቶች ተከበበ። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. በአቅራቢያው ሲቆም መሥሪያ ቤቱና ሆቴሉ እየበዛ ሄደ፤ በዚያው መጠን ለሆቴሉና ለመሥሪያ ቤቱ የሚሠራው፣ የሚያበስለው፣ የሚጠርገው፣ የሚጠብቀው ሰው በጓሮው ሰፈረ። ከኡራኤል እስከ ፍልውሃ፣ ከባምቢስ እስከ እንደራሴ ያለው የጓሮ ሰፈር በዚህ ዓይነት የሥራ ክፍፍል የተቆረቆረ ነው እንጂ እንዲያው የተዝረከረከ አልነበረም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመሥሪያም ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ፈቀደ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። የካዛንችስና የቂርቆስ ተከራይ በአንድ ሌሊት ከአከራዩ ማስፈራሪያ ተላቀቀ። ይህን ታላቅ እርምጃ ዛሬም ማቃለል አይገባም፤ ቀበሌዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሠርቶ አደር ለግማሽ ምዕተ ዓመት በመሐል ከተማ መኖር ባልቻለ ነበር።

ሆኖም ያው አዋጅ ከላይ የወጣ አዋጅ ነበር። ተከራዩን አዳነ፤ ቤቱን ግን ማን ያድሳል፣ አዲስ ቤትስ ማን ይሠራል ለሚለው በቂ መልስ አላስቀመጠም። የግል ኪራይ ታገደ። በጥቂት ብር የቆመው የቀበሌ ኪራይ የቆርቆሮውን ዝገት እንኳ የሚችል አልነበረም። የቁጠባና የቤት ብድር ሥራ በቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሥር ተሰብስቦ የቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቢበረታቱም፣ የሚሠራው ቤት ከሚጨምረው ሕዝብ ጋር ሊመጣጠን አልቻለም። ቤተሰቡ በዛ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ትውልድ ኖረ፤ ማድ ቤቱም መጸዳጃውም የጋራ ሆነ። ነዋሪው የቤቱ ጌታ ተባለ እንጂ ስለ ቤቱ የሚወስንበት ሥልጣን አልተሰጠውም። በኋላ የመጣውን ጣጣ ለመረዳት ይህን ነጥብ መያዝ ይጠቅማል፤ የቀበሌ ቤት ነዋሪ እስከ ዛሬ የቦታው ባለይዞታም የቤቱ ባለንብረትም አይደለም።

ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ መሬት በሊዝ መሰጠት ጀመረ፤ ሕጉ በ1994ና በ2004 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው የ1987 ሕገ መንግሥት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የመጠቀም መብቱ ዋጋ ወጣለት። በዚህ ጊዜ የመሐል ከተማው ጭቃ ቤት አስገራሚ ሁኔታ ላይ ወደቀ። ቤቱ ምንም አያወጣም፤ የቆመበት መሬት ግን ከከተማው ውድ መሬቶች አንዱ ሆነ። በሌላ በኩል በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80ና በ40/60 መርሐ ግብር ከ800 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተመዘገበ። ብዙዎቹ ዛሬም ይጠብቃሉ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤቶች የወጣው ዕጣ በማጭበርበር ምክንያት ተሰርዞ በማግስቱ ዓመት እንደገና መውጣቱን አንባቢ ያስታውሳል። ያን ጊዜ እንኳ ቆጣቢው በራሱ ማኅበር ተደራጅቶ «መዝገቡን አሳዩን» የሚልበት ሕጋዊ መንገድ አልነበረውም። የቻለው በየቤቱ ሆኖ ዜና መጠበቅ ብቻ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ወደ ካዛንችስ ደረሰ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰፈሩ ተነሣ። ከተነሡት ነዋሪዎች ብዙዎቹ በከተማዋ ዳርቻ ወደ ተዘጋጀላቸው ገላን ጉራ ሄዱ። ለዓመታት የአዝማሪ ቤት ሆኖ የቆየው ፈንድቃም ከቦታው ከተነሡት አንዱ ነው። ስለ ጭቃ ቤቱ ማልቀስ አያስፈልግም። ክረምት በገባ ቁጥር ጣራው ሲያፈስ ባልዲ ስትደቅን የኖረች እናት ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት ስታገኝ ደስታዋ እውነተኛ ነው፤ የሰፈሩን ፎቶግራፍ እያየ የሚናፍቀው ብዙ ጊዜ በሰፈሩ ያልኖረ ሰው ነው። መንገዱ መስፋቱን፣ ፍሳሹ መስመር መያዙን አንቃወምም። ነገር ግን ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቡናና እንጀራ እየሸጠች ልጆች ያሳደገች ሴት ከእነዚያ መሥሪያ ቤቶች ስትርቅ የተለወጠው ቤቷ ብቻ አይደለም። በእግሩ ሥራ ይገባ የነበረ ዘበኛ ከደመወዙ ለትራንስፖርት መቀነስ ሲጀምር በወረቀት ላይ ያልታየ ኪራይ መክፈል ጀምሯል። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1872 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ጥያቄ በጋዜጣ በጻፋቸው ተከታታይ ጽሑፎች የዘመኑን ትልልቅ ከተሞች ሲመረምር፣ የተጎሳቆለው ሰፈር ከአንድ ቦታ ሲጠፋ በሌላ ቦታ እንደሚበቅል አሳይቶ ነበር። ገላን ጉራ እንዲህ እንዳይሆን የሚያደርገው እዚያ የሚፈጠረው ሥራና የሚመደበው አውቶቡስ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በመንግሥት መርሐ ግብር ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም «ኑሯቸው የተነካባቸው» ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ባለ ንብረት የሆኑ ብቻ አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቀደመው ሕግ የተሻለ ነው፤ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን እንደ ጉዳት ቆጥሮታል። ግን የካሳው ዋና መነሻ ይዞታና በይዞታው ላይ ያለ ንብረት ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሁለቱም የለውም። ስለዚህ የእርሱ ዕጣ፣ ማለትም ምትክ የቀበሌ ቤት ይሰጠዋል ወይስ ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ይገባል፣ የት ይሰጠዋል፣ በስንት ቀን ይወጣል የሚለው ዝርዝር ባብዛኛው የሚወሰነው በከተማው መመሪያ ነው።

ከነገሩ ሁሉ ዋናውን የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። የአልሚው ጉዳይ በአዋጅ ይወሰናል፤ የነዋሪው ጉዳይ በመመሪያ። ልዩነቱ የቃል ልዩነት አይደለም። አዋጅ ለምክር ቤት ይቀርባል፣ በቋሚ ኮሚቴ ይመረመራል፣ ውይይት ይጠራበታል፣ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፤ ለማሻሻልም እንደገና ያንኑ ጎዳና መሄድ ግድ ነው። መመሪያ ግን በቢሮ ተረቅቆ በቢሮ ይጸድቃል፤ በደብዳቤ ሊለወጥም ይችላል፤ ነዋሪው መኖሩን የሚሰማው ወረዳው ሲጠራው ነው። የ2012ቱ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ረቂቅ መመሪያ ሳይጸድቅ ለሕዝብ አስተያየት ይቅረብ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን አስተያየት ለመስጠት በቅድሚያ ረቂቁ መውጣቱን የሚከታተል፣ አንብቦም ለጎረቤቱ የሚያስረዳ የተደራጀ ነዋሪ ያስፈልጋል።

አልሚው «ቤት ገንቢ ነኝ» ብሎ በአዳራሹ ይናገራል። ለመሆኑ ቤት የሚሠራው ማን ነው? በካዛንችስ የሚነሡት ሕንፃዎች የሚቆሙት በግንበኛው፣ በአናጢው፣ በፌራዮው፣ በለሳኙ፣ ሲሚንቶ በጀርባዋ ተሸክማ ደረጃ በምትወጣ ቀን ሠራተኛ እጅ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ በሠሩት ሕንፃ ውስጥ ለመኖር ቀርቶ ሕንፃው ካለቀ በኋላ በበሩ ለማለፍ እንኳ አይችሉም። በሌላ በኩል ገንዘቡን የሚያዋጣው ብዙ ጊዜ ኩባንያው ሳይሆን ቤቱ ሳይጀመር የከፈለው ገዢ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው የአክሰስ ሪል ስቴት ጉዳይ እንደሚያስታውሰን በሺህ የሚቆጠሩ ገዢዎች ገንዘባቸውን ከፍለው ቤት ሳያገኙ ቀርተዋል፤ መንግሥት ኮሚቴ እስኪያቋቁምላቸው ድረስም የሚናገርላቸው አልነበረም። እንግዲህ ጉልበቱም የሠርቶ አደሩ፣ ገንዘቡም የቆጣቢው፣ መሬቱም የሕዝብ ከሆነ «የቤት ገንቢዎች ድምፅ» የሚባለው ከእነዚህ ሁሉ ማምጣት አለበት። የሪል ስቴቱ ሕግ በሥራ ላይ ሲውል ከገዢው የሚሰበሰብ ገንዘብ ከሌላ ሥራ ተለይቶ በግንባታው ደረጃ ብቻ እንዲወጣ የገዢዎች ማኅበር ሊከታተለው ይገባል፤ ባንኩና ተቆጣጣሪው ብቻ ይጠብቁት ብሎ መተው ከአክሰስ አለመማር ነው።

አዋጅ 1161 ውስጥ እምብዛም ያልተነገረለት አንድ ድንጋጌ አለ። መልሶ ማልማት በሚደረግበት አካባቢ ያለ ባለይዞታ አቅሙ ከፈቀደ በፕላኑ መሠረት በግሉ ወይም በቡድን ይዞታውን ለማልማት ቅድሚያ እንዲኖረው ሕጉ ፈቅዷል። በቡድን የምትለዋ ቃል ለሰፈሩ ሰው ትልቅ በር ናት። አሥር ባለይዞታዎች አጥራቸውን አፍርሰው፣ ቦታቸውን አዋሕደው አንድ ሕንፃ ቢያቆሙ፣ ከታች ሱቅና ሥራ ቤት፣ ከላይ መኖሪያ ቢያደርጉ፣ በመሐሉ ያሉትን የቀበሌ ቤት ተከራዮችም በመንግሥት ድርሻ ቢያስገቡ ሕጉ አይከለክልም። የሚከለክለው አቅም የምትለዋ ሌላዋ ቃል ናት። አቅም ማለት በባንክ ያለ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ድንጋጌው የተጻፈው ለአልሚው ነው። አቅም ማለት ይዞታን አስይዞ መበደር፣ የተቆጠበን ገንዘብ ማዋጣት፣ በቂ የዝግጅት ጊዜ ማግኘት ከሆነ ግን ለነዋሪው ነው። በጥቂት ሳምንታት ማስጠንቀቂያ ግን ሰፈር ቀርቶ እቁብ እንኳ አይደራጅም። ከሕጉ ወደ ተግባሩ ያለው ርቀት የሚለካው በዚህ የቀን ቁጥር ነው።

ይህ ዓይነቱ ነገር የትም ያልታየ ሕልም አይደለም። የቪየና ከተማ በ1923 እ.ኤ.አ. በቤት ላይ ልዩ ግብር ጥላ፣ በቅምጥል ቤቶች ላይ አክብዳ፣ በገንዘቡ እስከ 1934 ድረስ ከ60 ሺህ በላይ የከተማ መኖሪያዎችን ለሠራተኛው ሠርታለች። ዛሬም ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ በከተማው ቤቶች ወይም በድጎማ በተሠሩ የማኅበር ቤቶች ይኖራል፤ የሠራተኛውም የሐኪሙም ቤት በመሐል ከተማው ጎን ለጎን ይገኛል። ለእኛ የሚያስተምረን የቪየና ሀብት አይደለም። የከተማዋ ምክር ቤት የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪም መሆኑና ያን ሥልጣን ለቤት ማዋሉ ነው። አዲስ አበባም በቻርተሯ የራሷ ምክር ቤት አላት፤ ምክር ቤቱም በሥልጣኑ ክልል አዋጅ የማውጣት ሥልጣን አለው። የምትክ ቤት ጉዳይ ከመመሪያ ወጥቶ ወደዚያ ምክር ቤት እንዳይቀርብ የሚያግድ ነገር አይታየንም።

ከዚህ ላይ የነዋሪው ድርሻ ይመጣል። አልሚዎች ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሲሄዱ ሠንጠረዥ ይዘው ነው፤ ነዋሪው አቤቱታ ብቻ ይዞ ከሄደ አዝነውለት ይሸኙታል። ቀበሌዎች በጥንት ጊዜ የየቤቱን መዝገብ ይዘው ነበር፤ ዛሬ በየሰፈሩ ያለ ሕያው መዝገብ የእድሩ ነው። እድሩ ማን በየትኛው ቤት ስንት ሆኖ እንደሚኖር፣ ማን የት እንደሚሠራ፣ ማን ታማሚ እንደሚያስታምም ያውቃል። የቂርቆስ እድሮችና የነዋሪ ማኅበራት ይህን ዕውቀት ወደ ቁጥር ቢለውጡት፣ ከተነሡት ቤተሰቦች ምን ያህሉ ሥራቸውን እንደለቀቁ፣ ለትራንስፖርት ከወር ገቢያቸው ምን ያህል እንደሚከፍሉ፣ ስንት ልጅ ትምህርት ቤት እንደለወጠ ቢመዘግቡ፣ በየትኛውም ቋሚ ኮሚቴ ፊት የሚቀርብ ሰነድ ይሆናል። የግንባታ ሠራተኞችም በሠራተኛ ማኅበራቸው በኩል ከዚሁ ጋር አንድ ገጽ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ የሚሠሩትን ቤት ዋጋና የሚከፈላቸውን የቀን ደመወዝ ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ገጽ።

የኪራይ አዋጁም ቢሆን ነዋሪ ካልያዘው ወረቀት ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። በርካታ ተከራይ ግን በውሉ አንድ ዋጋ፣ በጎን ሌላ ዋጋ እየከፈለ ይኖራል፤ ከተናገረ ቤቱን ያጣል ብሎ ይፈራል። ብቻውን የቆመ ተከራይ መፍራቱ ያስወቅሰዋል ብለን አናምንም። የአንድ ሕንፃ ተከራዮች አብረው ቢመዘገቡ ግን ፍርሃቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ለምክር ቤቱ በሚቀርበው የነዋሪዎች ሰነድ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መስፈር ያለባቸው ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ምትክ ቤት ከነበሩበት ሰፈር ከስንት ኪሎ ሜትር በላይ አይራቅ? ከማስታወቂያው እስከ መነሻው ስንት ወር ይሰጥ? ባለይዞታዎች በቡድን ለማልማት ሲጠይቁ ባንክ በምን መያዣ ያበድር? በሚታነጸው አዲስ ሕንፃ ውስጥ ከመቶ ስንት ቤት ለቀድሞው ሰፈርተኛ ይያዝ? በእነዚህ ቦታዎች ላይ ቁጥር የሚሞላው ወይ ነዋሪው ነው ወይ አልሚው፤ ባዶ ሆነው የሚቀሩ ከሆነ ደግሞ የቢሮ ኃላፊው በመመሪያ ይሞላቸዋል።